ሁለት ሰሃን የቅመም ሩዝ

አማቴ ሆሳባይ ምክንያት የማያገኙለት ነገር የለም። ጎሿ ወተት ከነሳች የሰው ዓይን በልቷት ነው፤ ሸንኮራው ከቀጨጨ ጎረቤት የመስኖ ውሃችንን ጠልፎት ነው፤ እኔ አንድ ቃል ከመለስኩ ደግሞ አባቴ ሳይቆነጥጠኝ አሳድጎኝ ነው። እኔ፣ ኩሱም፣ ምላሴ ረጅም ነው፣ አልክድም። የእሳቸው ምክንያት ግን ከእኔ ምላስ ይረዝማል፤ ልጁን ለጥቂት ሊያሳጣን የነበረውም እሱ ነው።

ሬቫቲ የባሌ የዲገምባር ታናሽ እህት ናት። የበኩር ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ የመጣችው ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ፣ ያ ክፉ ወረርሽኝ አገሩን ሁሉ በሚያምስበት በጋ ነበር። ሰው መሰብሰብ ስለተከለከለ ያረገዘች ሴት ያማራትን የምትበላበትን የአምሮት ግብዣ በር ዘግተን፣ አራት ጎረቤት ብቻ ጠርተን አደረግነው። አረንጓዴ ሳሪ ለበሰች፣ አረንጓዴ የመስታወት አምባር እስከ ክንዷ ተደረደረላት፣ የጃስሚን አበባ ባንገቷም በፀጉሯም ተንዠረገገ። አማቴም ከማለዳ ጀምረው ማንንም ምድጃው አጠገብ ሳያስደርሱ የታወቁበትን የቅመም ሩዝ ሠሩ።

የታወቁበት ስል የእውነቴን ነው። በመንደራችን ሠርግ ሲኖር የሩዙ ድስት ላይ ማን ይቁም ተብሎ አይጠየቅም። ያን ቀን ግን አንድ ጉርሻ አፌ ከተትኩና ውሃ ፍለጋ ሮጥኩ። ጨው ብቻ ነበር። ጎረቤቶቹም ለይሉኝታ ነካ ነካ አድርገው ሩዙን ወደ ሰሃናቸው ዳር ገፉትና ስለ ሸንኮራ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ሬቫቲ ግን አንድ ሰሃን ጨርሳ ሌላ አስጨመረች።

“አያችሁ፣” አሉ አማቴ ደረታቸውን ነፍተው፤ “አፍ ያለው ሰው እንዲህ ይበላል።”

“እማማ፣ ጨው ትንሽ አልበዛም?” አልኩ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ።

“የበዛውስ የአንቺ ነገር ነው። እሷን ጨው ያማራት በሆዷ ወንድ ስላለ ነው።”

ሴቶቹ ሳቁ፤ ወንድ ነው ተባለ፤ ነገሩ በዚያ አለቀ። ለእኔ ግን አላለቀም። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት በመጣ ቁጥር “ልጄ ሁለት ሰሃን የበላችውን ሩዝ ይህቺ ምራቴ ጨው በዛበት ትላለች” ይላሉ፤ እኔም አንጀቴ እያረረ ሻይ አቀርባለሁ። ጭራሽ ልጁ ወንድ ሆኖ ተወለደና እሳቸው አሸነፉ።

የተወለደው ክረምቱ ሲከብድ ነው። ሬቫቲ በመንደሩ ጤና ጣቢያ በሰላም ተገላግላ በማግስቱ ቤት ገባች። አማቴ የአራስ ክፍሉን መስኮት ዘጉ፤ ከገመድ አልጋው ሥር የፍም ሳህን አስቀመጡ፤ ፍሙ ላይ የነጭ ሽንኩርት ልጣጭና ነጭ አዝሙድ እየነሰነሱ እናትና ልጅን ጠዋትና ማታ ያጥናሉ። ልጁ በዘይት ይታሻል፣ ዓይኑን ይኳላል፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከፍሙ በላይ ይተኛል። እኔም ሁለቱን ልጆቼን ያሳደግኩት እንዲሁ ነው፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ፌጦና ኮኮናት የተድቦለቦለበትን የአራስ ምግቧን ይዤ ስገባ ሬቫቲ ጡቷን ይዛ ተቀምጣለች፤ ልጁ ግን አልጠባም።

“ከንጋት ጀምሮ እንቅልፍ ብቻ ነው፣ እታለም” አለችኝ። “ስቀሰቅሰው እንኳ አያለቅስም።”

አነሳሁት። ይፋጃል። ሆዱና ጭኑ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ወጥቷል፤ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

“እማማ፣ ልጁ ትኩሳት አለው።”

“ፍም ላይ የተኛ ልጅ ቀዝቅዞ ሊጠብቅሽ ነው?”

“ይሄ ነጠብጣብስ?”

“የዘይቱ ነው።”

“ጡት አልያዘም እኮ።”

“ሌሊት ጠግቦ ነው። አንቺ ደግሞ ሥራ አጣሽ እንዴ?”

ለሁሉም መልስ አለ። ክርክሩን ትቼ ልጁን እንደያዝኩ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ነፋሱ ቀዝቅዟል። ጨርቁን ፈታ አድርጌለት ደረቴ ላይ አስደገፍኩት፤ ጎሾቹ ታልበው እስኪያልቁ ድረስ እንደዚያው ቆምኩ። እኔ በብርዱ ተንቀጠቀጥኩ፤ እሱ ግን ያው ይፋጃል። በሳሪዬ ጫፍ ኩሉን ጠረግኩለት። ከኩሉ ሥር ዓይኖቹ በርበሬ መስለዋል።

ዲገምባር በዚህ መሃል ከወንዙ በኩል በስብሶ መጣ። “ውሃው ድልድዩን ሊያልፈው ትንሽ ቀርቶታል” አለ። “ከሰዓት በኋላ መሻገር የሚባል ነገር የለም።”

“እንግዲያው አሁኑኑ ጂፑን አስነሳ። ልጁን ሐኪም ቤት እንወስደዋለን።”

አማቴ በሩ ላይ ቆሙ። “ዛሬ የትም አይሄድም። ዛሬ ማታ ሳትዋይ ትመጣለች።” እውነታቸውን ነው፤ ከወፍጮ ድንጋዩ አጠገብ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጅተውላታል። በአምስተኛው ቀን ማታ ሳትዋይ የተባለችው እንስት አምላክ መጥታ የልጁን ዕድል ግንባሩ ላይ ትጽፋለች። “መጥታ ካጣችውስ ምን ብላ ትጽፍለታለች?”

“ግንባሩን ይዞት ነው የሚሄደው፣ እማማ። እዚያው ትጽፍለታለች።”

“በአማልክት ትቀልጃለሽ አንቺ?”

“አልቀለድኩም። ልጁ እየሞተ ነው።”

ይህን ቃል አራስ ቤት ደጃፍ ላይ ማንም አይናገረውም። እኔም ካፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። ሬቫቲ ከአልጋዋ ወረደች፤ ግድግዳ ይዛ፣ ወገቧን ደግፋ መጣችና ልጁን ከእጄ ወስዳ ዝናቡ ውስጥ ገባች። ዲገምባር እናቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ቁልፉን አነሳ። አማቴም ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ወገባቸው ላይ ሻጥ አድርገው እያጉረመረሙ ከኋላ ወጡ። ስንሻገር ውሃው ጎማውን ይልሰው ነበር።

ከወንዙ ማዶ ያለችው ከተማ ጉብታ ላይ ስለሆነች ውሃ አይደርስባትም። የሐኪም ቤቱ የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ሼላር ድምጿ የሰለለ፣ ዓይኖቿ ከጭምብሏ በላይ እንቅልፍ ያጡ ወጣት ሴት ናት። ልጁን ተቀብላ መስታወት ሳጥን ውስጥ አስተኛችው። ኦክስጅን፣ ግሉኮስ፣ አንቲባዮቲክ ሁሉ ተሰጠው። ኮሮናም ተመረመረና የለበትም ተባለ።

“አላልኳችሁም?” አሉ አማቴ።

ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ለውጥ አልመጣም። ትኩሳቱ አልወረደም፤ እጅና እግሩ አበጠ። ከመስታወቱ ውጭ ቆመን ማሽኑ ላይ የልቡን መስመር እናያለን። መስመሯ ስትሮጥ ትቆይና ድንገት ትሰናከላለች፤ የእኔም ልብ አብራ ትሰናከላለች። የሬቫቲ ወተት በከንቱ እየፈሰሰ ልብሷን ያበሰብሰዋል። ባሏ ከሩቅ እየደወለ “እንዴት ነው?” ይላል፤ መንገዱ ተቆርጦ መምጣት አልቻለም። እሷ ስልኩን ለእኔ ትዘረጋለች፤ እኔ ተቀብዬ “ደህና ነው” ብዬ እዋሻለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ሁላችንንም ጠራችን።

“አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ሳትደብቁ መልሱልኝ” አለች። “እናትየዋ በእርግዝናዋ ጊዜ ኮሮና ይዟት ያውቃል?”

“እኔ ቤት ኮሮና አልገባም” አሉ አማቴ። “እጁን ሳይታጠብ ደጄን የረገጠ ሰው የለም።”

“እናቴ፣ ልወቅሳችሁ አይደለም። የልጁ ደም ውስጥ ጀርም ፈልጌ አጣሁ። አንቲባዮቲኩም አልሠራም። ግን መላ ሰውነቱ ተቆጥቷል፣ ልቡም ደክማለች። በዚህ ዓመት እንዲህ ያሉ ጨቅላዎችን እያየን ነው። በሽታው የያዘው እናትየዋን ነው፤ ሰውነቷ እሱን ለመዋጋት የሠራው መከላከያ በማህፀን ወደ ልጁ ይሻገራል። አንዳንዱን ልጅ ከተወለደ በኋላ ያ መከላከያ ራሱ ያቃጥለዋል ብለን እናስባለን። ነገሩን ገና እየተማርነው ነው።”

“መድኃኒት የለውም?” አለ ዲገምባር።

“አለው። ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት እዚሁ እጄ ላይ አለ። ግን የልጁን የመከላከል አቅም ይቀንሳል። በሽታው ያልኩት ከሆነ ያድነዋል። የተደበቀ ጀርም ከሆነ ደግሞ በሩን ለጀርሙ እከፍትለታለሁ። የእናትየዋ ደም ቢመረመር ይለይልን ነበር፤ ምርመራው ያለው ዋናው ከተማ ነው፣ መንገዱ ውሃ ውስጥ ነው። ልቡ ደግሞ መንገዱ እስኪከፈት አትጠብቀኝም።” ወደ ሬቫቲ ዞረች። “ትኩሳት ነበረሽ? ሳል?”

ሬቫቲ ራሷን ነቀነቀች። “ድካም ብቻ ነበረኝ። ያረገዘ ሰው ይደክመዋል ብዬ ነው።”

“ሽታ ወይም ጣዕም ጠፍቶብሽ ነበር?”

ሬቫቲ እናቷን ቀና ብላ አየችና መሬት መሬት ማየት ጀመረች። “አይ። እንዲያውም እዚህ እንደመጣሁ ለአምሮቴ ግብዣ እናቴ የሠራችውን የቅመም ሩዝ ሁለት ሰሃን ነው የበላሁት።”

“ሁለት ሰሃን” አሉ አማቴ። “አራት ሴቶች ያዩት ነው።”

ዶክተሯ ተነፈሰች። “እሺ። እንግዲያው አንቲባዮቲኩን ቀይሬ እሞክራለሁ።” ፊቷን ወደ በሩ መለሰች።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ያ ሩዝ። አፌ ውስጥ የከተትኩት ጉርሻ፣ ያ ምላስ የሚልጥ ጨው፣ ሬቫቲም ዓይኗን ሳታርገበግብ የምትውጠው።

“ዶክተር፣ ቆይ” አልኩ። “ያ ሩዝ የሚበላ አልነበረም።”

“ምን?”

“ጨው ነበር። ጨው ብቻ። አንድም ሰው መዋጥ አልቻለም፣ እሷ ግን ሁለት ሰሃን በላች። ጣዕም ቢኖራት ኖሮ እንዴት ትበላው ነበር?”

አማቴ ወደኔ ሲዞሩ ጭምብላቸው እንኳ የፊታቸውን መጥቆር አልሸፈነውም። “እዚህም? የልጄ ልጅ እዚያ ተኝቶ የእኔን ወጥ ቤት ልታወሪ?”

“እማማ፣ ስለ ወጥ ቤት አይደለም—”

“ካገባሽ ጀምሮ ከእጄ የወጣ ነገር አልጥምሽ ብሎ አሁን በሐኪም ፊት ታዋርጅኛለሽ። ልጄ ጨው አምሯት ነው የበላችው። ወንድ ያረገዘች ሴት ጨው ያምራታል።”

“ያን ያህል? በሬ የማይልሰውን?”

“ኩሱም” አለ ዲገምባር፤ ክንዴን ያዘኝ።

ዶክተሯ እኔንም አማቴንም ታየናለች። ምን እንዳሰበች አውቃለሁ፤ የአማትና የምራት ጭቅጭቅ ነው ብላለች። ደሜ ፈላ፤ ግን የምጮህበት ጊዜ አልነበረም። የእኔ ቃል እዚያ ኮሪደር ላይ ሚዛን እንደማይደፋ ገባኝ። እኔ ምራት ነኝ፤ ምራት ስለ አማቷ ወጥ የምትናገረውን ማን ያምናል? ድስቱ የማን እንደነበር ሁሉም ያውቃል፣ ሊናገሩም የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

የአማቴ እግር ላይ ወደቅኩ። ኩራት እንዳለኝ የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ። “እማማ፣ በኋላ የፈለጉትን ይበሉኝ። ለጎረቤት ሁሉ ይንገሩ፣ ከቤት ያስወጡኝ። አሁን ግን እውነቱን ይንገሯት። እሺ፣ እኔ ምላሰኛ ነኝ። ሩዙ ግን እንዴት ነበር?”

ከመስታወቱ ወዲያ ማሽኑ ጲጵ ጲጵ ይላል። ዶክተሯ ቀረብ ብላ “እናቴ፣ እውነት ጨው በዝቶ ነበር?” አለቻቸው፤ ከኔ ይልቅ በለዘበ ድምፅ።

አማቴ ወገባቸው ላይ የሻጡትን ያን ባዶ ወረቀት አወጡ። አጠፉት፣ ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ድስታቸው ላይ ሰው ቃል ተናግሮ አያውቅም።

“ሁለቴ ጨመርኩ” አሉ።

ወረቀቱን ወገባቸው ላይ መልሰው ሻጡት።

“ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልጄ ቤቴ መጥታ። አንዴ ጨመርኩ፤ ጎረቤት ሲጠራኝ ወጣሁ፤ ተመልሼ መጨመሬን ረስቼ እንደገና ጨመርኩ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው የቀመስኩት። አቃጠለኝ። የተረፈውን ለጎሾቹም አልሰጠሁ፣ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት።” ድምፃቸው ተሰበረ። “ሰው ሁሉ ሲተወው እሷ ስትበላ ... ወደደችልኝ ብዬ። ምን ላድርግ፣ ወደደችልኝ ብዬ ነው።”

ሬቫቲ አለቀሰች። “እማዬ፣ ምንም ጣዕም አይሰማኝም ነበር። ከማለዳ ጀምረሽ እንደቆምሽ አይቼ ነው የበላሁት። እንደ አሸዋ ነበር የምውጠው። ያን ቀን ባንገቴ የሞላውን ጃስሚን እንኳ አላሸተትኩትም። ባሌ ቤት እያለሁ አማቴ ሲያስሉ ነበር የከረሙት፤ የሽመና ቤቱ ብናኝ ነው አሉን። አንቺ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ለዶክተሯ አይ ያልኩት።”

ዶክተር ሼላር የሰማችው በቃት። ሽታውን፣ ጣዕሙን፣ የምታስለዋን አማት፣ ጀርም ያጣችበትን ደም ሁሉ ደማመረችና “እርግጠኛ ነኝ አልላችሁም። ግን እሰጠዋለሁ” አለች። ነርሷን እየተጣራች ወደ ውስጥ ገባች። አማቴን የደገፍኳቸው እኔ ነኝ፤ አልገፈተሩኝም።

ቀጥሎ ያለውን መጠበቅ አላወራውም፤ የጠበቀ ያውቀዋል። በማግስቱ ዲገምባር እየሮጠ መጣና ትኩሳቱ ጎደለ አለን፤ አላመንኩትም። ከዚያ እብጠቱ ሟሸሸ። ከዚያ የልቡ መስመር መሰናከሏን ተወች። አንድ ቀን ጠዋት ልጁ ከመስታወቱ ውስጥ እንደ ጉድ ጮኸ። ነርሷ አውጥታ ለሬቫቲ ስትሰጣት ጡቷን እንደ ቀማኛ ያዘ። ከዚያ በፊት የልጅ ለቅሶ እንዲህ የሚጣፍጥ መሆኑን አላውቅም ነበር። ኋላ መንገዱ ሲከፈት የሬቫቲ ደም ተመረመረ፤ በሽታው በእሷ ውስጥ አልፎ እንደነበር ታወቀ።

ስም የሚወጣበት አሥራ ሁለተኛው ቀን ገና ሐኪም ቤት እያለን ደረሰ። ድልድዩ ተከፍቶ ስለነበር አማቴ በዋዜማው ቤት ሄደው አደሩ። ሲመለሱ የቅመም ሩዝ በትልቅ ባለ ክዳን ዕቃ ይዘው መጡ። የካሹ ለውዙና የኮኮናቱ ሽታ ኮሪደሩን ሞላው። ነርሶቹ እንኳ አንገታቸውን አሰገጉ።

አማቴ ለሁላችን ሰሃን ሰጡን። እኔ አንድ ጉርሻ ጎረስኩ፤ ማኘኬን አቆምኩ። ዲገምባርን አየሁት። እሱም አየኝና ቶሎ ብሎ ወደ ሰሃኑ አቀረቀረ። ሁለታችንም ቃል አልተነፈስንም፤ ያን ሁሉ ካለፍን በኋላ ማን ይናገራል? አማቴ ማንኪያውን እንደያዙ ቆመው ልጃቸውን ብቻ ያያሉ።

ሬቫቲ ልጇን በአንድ ክንዷ እንዳቀፈች ጎረሰች። ቀስ ብላ አኘከች። እናቷን ቀና ብላ አየች፤ ትንሽ አመነታች።

“እማዬ፣ ጨው የለውም።”

“ትንሽም?”

“ምንም። አልጫ ነው።”

“እጄ እምቢ አለኝ” አሉ አማቴ። “ጨው ያዝኩና መልሼ አስቀመጥኩት። ያዝኩና መልሼ አስቀመጥኩት።” አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው የሳሪያቸውን ጫፍ ፊታቸው ላይ አደረጉና እስኪንሰቀሰቁ አለቀሱ። በሌላው እጃቸው የሬቫቲን እግር ይዘው “እንዲህ ንገሪኝ” ይሏታል፣ “እንዲህ ንገሪኝ፣ ልጄ።”

እኔም ከግቢው ሻይ ቤት ትንሽ ጨው ለምኜ ላመጣ ወጣሁ።